ሰባት ሚሊሜትር

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የታጠፉ የብረት ድጋፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ከባለ 2 ሚሊ ላሜራ የተሠሩ፣ ሁለቱም 64 ሳንቲም የሚረዝሙ፣ ሁለቱም እንደ አሸንዳ ግራና ቀኝ ጎናቸው የቆመ ናቸው። በዓይን ለሚያያቸው መንታ ናቸው። ካሊፐር ሲገባባቸው ግን የአንዱ ወገብ 100 ሚሊ፣ የሌላው 103 ተኩል ሆኖ ይገኛል። የአንዱ ጎን ልክ 50 ሲሆን የሌላው ወደ 52 ይጠጋል። ድጋፎቹ የሚገቡበት የመደርደሪያ እግር ክፍተቱ 101 ሚሊ ነው። አንደኛው ሸርተት ብሎ ይገባል፤ ሁለተኛው በመዶሻም አይገባም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ልደታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የብረታ ብረት ቤት ነው። ሠላሳ ድጋፍ ያዘዘው ወዳጄ ነው፤ እኔ የተከተልኩት ቡና እጋብዝሃለሁ ስላለኝ ነበር። ሥዕሉን የሠራው ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ጎበዝ ነው። ማሽኑ ሌዘር ነው፣ አዲስ ነው። ላሜራውም ደህና ላሜራ ነው። ሠላሳውም ተቆረጡ፣ ሠላሳውም ታጠፉ፣ ሠላሳውም አልገቡም። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አየ። 50፣ 100፣ 50። ድምሩ 200። «ልክ ነው እኮ ጋሼ» አላቸው፣ ማጠፊያው ላይ ለቆሙት አዛውንት። አዛውንቱ ብረቱን አገላብጠው አዩትና «ከውጭ ለክተህ ነዋ ልጄ፤ የሚታጠፍ ብረት ከውስጥ ነው የሚለካው» አሉት።

ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ የብረት ሥራ ላይ የመጣውን ለውጥ ብዙ ሰው የማሽን ለውጥ አድርጎ ነው የሚያየው። ድሮ በመቀስና በግራይንደር ይቆረጥ የነበረው ላሜራ ዛሬ በፕላዝማና በሌዘር ይቆረጣል፤ ድሮ በጠመኔ ይሰመር የነበረው ዛሬ በፍላሽ ይመጣል። ባለቤቶቹም እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ማሽኑን ነው። በእኔ ግምት ግን ማሽኑ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል። ሥራው የሚበላሸውም የሚያተርፈውም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ባለው ሰዓት ውስጥ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ በእኛ ሙያ ውስጥ ስም የለውም።

ስም የለውም ስል ቃል በቃል ነው። የብረት ቤት አማርኛ በጣሊያንኛ የተሞላ ነው። ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ቡሎን፣ ቱቦላሬ፣ ስኳድራ፣ ሁሉም ዕቃውን ይዘው የገቡ ቃላት ናቸው። አዲሱ ትውልድ ሌዘር፣ ፕላዝማ፣ ፋይል፣ ዲኤክስኤፍ የሚሉትን ጨመረባቸው። የመሣሪያው ሁሉ ስም አለን። ሥዕሉን ለላሜራው የማዘጋጀቱን ሥራ ግን «ፋይሉን አስተካክልልኝ» ብለን ነው የምናልፈው፤ ልክ የተጣመመ ኮሌታ የማስተካከል ያህል። ስም የሌለው ሥራ ደመወዝም የለውም፣ ኃላፊም የለውም። ሠላሳ ድጋፍ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ለግማሽ ቀን ክርክር ሆኖ የዋለው ለዚህ ነው።

ወደ ሰባቱ ሚሊ ልመለስ። ላሜራ ሲታጠፍ የውጭ ፊቱ ይሳባል፣ የውስጥ ፊቱ ይጨማደዳል። በመካከላቸው የማይሳብም የማይጨማደድም አንድ መስመር አለ፤ የዝርጉ ላሜራ እውነተኛ ርዝመት የሚቆጠረው በእሱ ላይ ነው። መስመሩ መሐል ላይ አይቀመጥም፣ ወደ ውስጥ ያደላል። በባለ 2 ሚሊ ላሜራ፣ የእጥፋቱ የውስጥ ሬዲየስ 2 ሚሊ ሲሆን፣ መስመሩ ከውስጥ ፊት ተነስቶ ከውፍረቱ 42 ከመቶ ገደማ ላይ ነው ብለን እንያዝ። ሶፍትዌሮቹ ይህን ቁጥር «ኬ» ይሉታል። እንግዲህ አንድ ባለ 90 ዲግሪ እጥፋት የሚወስደው ላሜራ 4.46 ሚሊ ነው። ቀጥ ብለው የሚቀሩት ክፍሎች 46፣ 92 እና 46 ናቸው። ሁለቱ እጥፋቶች ሲደመሩበት ዝርጉ ላሜራ 192.9 ሚሊ መሆን አለበት። ልጁ 200 ቆረጠ። ትርፉ ሰባት ሚሊ የትም አልጠፋም፤ ገሚሱ ወገቡን፣ ገሚሱ ጎኖቹን አሳበጠ።

የአዛውንቱን ሒሳብ ደግሞ እንየው። ከውስጥ ሲለካ ጎኖቹ 48፣ 48፣ ወገቡ 96፣ ድምሩ 192 ይሆናል። ከትክክለኛው መልስ የሚለየው አንድ ሚሊ በማይሞላ ነው። ሰውየው ስለ ኬ ሰምተው አያውቁም፤ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ምጣድ፣ ሣጥንና የመብራት ቦርድ ሲያጥፉ ኖረው ላሜራው ራሱ አስተምሯቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የድሮው ይበልጣል» ብሎ ሊያጨበጭብ ይችላል። አይቸኩል። የእሳቸው ደንብ በስስ ላሜራና በሁለት እጥፋት ነው የሚያምርበት። ያንኑ ደንብ ለባለ 6 ሚሊ ላሜራ፣ አራት እጥፋት ላለው ዕቃ ብንጠቀምበት ስህተቱ ከ5 ሚሊ ያልፋል። ልጁም ቢሆን ሶፍትዌሩ በትክክል ሊዘረጋለት ይችል ነበር፤ ውፍረቱን፣ ሬዲየሱንና ኬን ቢነግረው። እሱ ግን ሦስት አራት ማዕዘን ጎን ለጎን ስሎ ላከ። ሽማግሌው የሚያውቁት ነገር ወደ ልጁ ፋይል የሚሻገርበት መንገድ አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር የሚሠሩት።

የልደታ ሰው ይህን የእጥፋት ሒሳብ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አልነበረበትም ብዬ አንዳንዴ እስቃለሁ። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ዳኮታዎች የሚያኖረው በዚህ ሜዳ ላይ ነበር። የአውሮፕላን ቆዳ የሚጠግን ሠራተኛ ደግሞ የእጥፋት ሠንጠረዥ ሳይዝ አሉሚኒየም አይነካም፤ አንድ ሚሊ የተሳሳተ ቆዳ በሪቬቱ ቀዳዳ ላይ አይገጥምምና። ዕውቀቱ በሰፈሩ ነበር። ሜዳው ወደ ቦሌ ሲሄድ ሠንጠረዡም አብሮ ሄደ መሰለኝ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በገበያ ላይ የምናገኘው የተለመደ ላሜራ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ነው። ባለ 2 ሚሊው 31.4 ኪሎ ይመዝናል። ከአንድ ሜትሩ ወርድ ባለ 200 ሚሊ ዝርጎች ስንት ይወጣሉ? አምስት የሚል ሰው በጊሎቲን የለመደ ነው። ሌዘርም ፕላዝማም ሲቆርጡ ብረት ይበላሉ፤ በቁራጭና በቁራጭ መካከል፣ በጠርዙም ላይ፣ ጥቂት ሚሊ መተው ግድ ነው። ስለዚህ አምስት ጊዜ 200 በ1000 ውስጥ አይገባም፤ አራት ብቻ ይወጣል። በርዝመቱ ሦስት ሦስት ስለሚሆን ከአንድ ላሜራ 12 ድጋፍ ማለት ነው። ትክክለኛው ዝርግ ግን 192.9 ነው። አምስቱ 964.5 ይሆናሉ፤ ለክፍተት 35 ሚሊ ይተርፋል፣ በቂ ነው። ከአንድ ላሜራ 15 ድጋፍ። ሠላሳውን ለማውጣት ሁለት ላሜራ ይበቃ ነበር፤ ወዳጄ የሦስት ከፈለ። ሦስተኛው ላሜራ ሲጫን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ገና ከመቆረጡ በፊት «ለምን ሦስት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ላሜራ በአብዛኛው በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጭ እንደ ድሮው ጥግ ላይ የሚጣል ነገር አይደለም። አንድ ብረት ቤት የማሽኑን ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር የሚያተርፈውን፣ ዝርጎቹን ላሜራው ላይ በደንብ ደርድሮ በማስቀመጥ ብቻ ሊያተርፈው ይችላል። አደራደር ሙያ ነው። እንጀራ ቆራርሶ ፍርፍር እንደማድረግ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሳያባክን አጋድሞ እንደሚቆርጠው ነው።

ሌሎቹን የፋይል ስህተቶች ባጭሩ ልለፋቸው፣ በየቤቱ የሚሰሙ ናቸውና። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ ይሳላል፤ በዓይን አንድ ይመስላል፣ ማሽኑ ግን ሁለቴ ይቆርጠዋል፣ ሁለተኛው ዙር ጠርዙን ያቀልጠዋል። ዙሪያው የተዘጋ የሚመስል ቅርጽ አንድ ጥግ ላይ የፀጉር ያህል ክፍት ሆኖ ይቀርና ሶፍትዌሩ የቱ ውስጥ የቱ ውጭ እንደሆነ አያውቅም። በሚሊ የተሳለው በኢንች ይነበባል፤ 100 ሚሊ የነበረው 2540 ሚሊ ሆኖ ይመጣል። ይህኛው እንኳ ደግ ስህተት ነው፣ ትልቅነቱ ያስቃል እንጂ ብረት አያስቆርጥም።

ክፉው የማይታየው ነው። የፕላዝማ እሳት ሲያልፍ አንድ ተኩል ሚሊ ያህል ብረት ይበላል፣ አንዳንዴም ሁለት። ሌዘር የሚበላው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። እሳቱ በመስመሩ መሐል ላይ ከሄደ፣ 10 ሚሊ ተብሎ የተሳለ ቀዳዳ 11.6 ይሆናል፣ ውጭው ደግሞ በዚያው ልክ ይጠባል። ስለዚህ መንገዱ በግማሽ ወደ ቆሻሻው በኩል መገፋት አለበት። ጥያቄው ማን ይገፋዋል የሚለው ነው። ሥዕል ሠሪው ይገፋል፤ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅም፣ አልተገፋም ብሎ፣ ይገፋል። ያኔ ባለ 10 ሚሊው ቀዳዳ 8.4 ይወጣል፣ ቡሎኑም አይገባም፣ ቀዳዳው በትራፓኖ ይሰፋል። በሌዘርና በፕላዝማ የተቆረጠ ሥራ አጠገብ ትራፓኖ ሲጮህ ከሰማችሁ፣ ከሁለት አንድ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

የግቢ በሮች ነገር ሌላ ነው። «የሲኤንሲ በር» የሚባለው፣ ሐረግና አበባ ተቦርቡሮ የሚወጣበት የላሜራ በር፣ በከተማው ውስጥ የሀብት ምልክት ሆኗል። ዲዛይኑ በቴሌግራም በነፃ ይዘዋወራል። አንድ ሰው በሩ ሦስት ሜትር ነው፣ የወረደው ዲዛይን ሁለት ሜትር ከሃያ ነው፤ ምን ያደርጋል? ጎተት። ቁመቱ እንዳለ ወርዱ ብቻ ይጎተታል። ክብ የነበረው እንቁላል ይሆናል። በሌላው አቅጣጫ ሲጨመቅ ደግሞ ቅጠልን ከቅጠል የሚያያይዙት ቀጫጭን ብረቶች ይበልጥ ይቀጥናሉ፤ በዓመቱ አንድ ልጅ እግሩን ሲያሳርፍባቸው ይታጠፋሉ። በር የሚያህል ነገር በስልክ ፎቶ ልከው «ይህን ቁረጥልኝ» የሚሉም አሉ። ፎቶ ሥዕል አይደለም። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ በላዩ ላይ በአይጤው እየሄደ ይስለዋል፤ እሱም ያልተከፈለበት ሌሊት ነው።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሱቅ ስም ላሜራ ላይ ተቦርቡሮ ከኋላው መብራት እንዲያበራ ይታዘዛል እንበል። «መ»ን እንውሰድ። ሁለት ክብ አላት። ሌዘሩ የፊደሏን አካል ቆርጦ ሲያወጣ በክቦቹ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጠብታ ብረቶች የሚይዛቸው የለም፤ ተከትለው ይወድቃሉ። የሚቀረው ሁለት ጥርስ የወለቀበት አፍ የመሰለ ጉድጓድ ነው። «ወ»፣ «ቀ»፣ «ዐ»፣ «ፀ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ኃምሱ ነው፤ እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ትንሽ ስለሆነች መውደቋን ማንም አያስተውልም። ከዚያ «ቤ» ወደ «ቢ» ትጠጋለች። በከተማችን ከሚሰቀለው ጽሑፍ ስንቱ ነው «ቤት» የማይልበት? ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት። ብዙ «ቢት» በየመንገዱ ሲበራ አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ድልድይ ነው። በየክቡ ላይ ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ብረት ይተዋል፤ ስፋቱ ቢያንስ የላሜራውን ውፍረት ያህል፣ በፕላዝማ ከሆነ ከዚያም በላይ። የት ላይ እንደሚተው ግን ሶፍትዌር አይነግርም። ለላቲን ፊደል ድልድይ የተሠራላቸው የፊደል ዓይነቶች ሞልተዋል፤ ለእኛ አንባቢው ዓይን የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው ነው መወሰን ያለበት። በ«መ» ላይ ድልድዩ ከላይ ቢሆን ያምራል፣ በ«ቤ» ቀለበት ላይ ከውጭ በኩል ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚቃወመኝ ካለ በደስታ እሰማለሁ። የመስቀል ሠሪዎቻችን ይህን ችግር ከሌዘር በፊት ፈትተውታል። የላሊበላን መስቀል ሐረግ ተከትላችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ በሌላ ብረት ተይዟል፣ መሐል ላይ የሚወድቅ ደሴት የለውም።

ከድልድዩ በፊት ደግሞ ፊደሉ ራሱ መድረስ አለበት። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስም፣ ያ ፊደል ያልተጫነበት የብረት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ፈውሱ ቀላል ነው፦ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ መስመር መቀየር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስቱ ደቂቃ የማን ሥራ እንደሆነ አለመታወቁ ነው ሁለት ቀን የሚፈጀው።

መብራትም አለ። ማሽኑ ላሜራውን አጋምሶ ሳለ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ቦታው ሚሊ ያህል ይዛባል፤ ትልቅ ቁራጭ ከሆነ ያ ሚሊ ጠርዙ ላይ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ልምድ ያለው አዘጋጅ ይህን አስቦ ፋይሉን በትናንሽ ቡድን ይከፍለዋል፤ የአንዱ ዕቃ ቀዳዳዎችና ዙሪያ ሳያልቅ ወደ ሌላው አይሻገርም። መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አንድ ብቻ ይሆናል። ይህን በውጭ አገር መጽሐፍ ውስጥ የምታገኙት አይመስለኝም። የአዲስ አበባ ዕውቀት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሥዕል ስላለው ዕቃ ነው። ሥዕል የሌለው መለዋወጫ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በልደታ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ፤ ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ያኔ ሁላችንም «እዚሁ ቢሠራስ?» አልን። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ማሽን አይደለም። ያለቀ ዕቃ በካሊፐር ለክቶ ልኩን የሚገለብጥ ሰው የሚያመርተው ሌላ ያለቀ ዕቃ ነው። የተበላው ቦታ ከመበላቱ በፊት ስንት ነበር? ከሚገጥመው ዕቃ ጋር ስንት መቶኛ ሚሊ ክፍተት ይፈልጋል? ብረቱ ምን ዓይነት ነው፣ ጠንክሯል ወይስ አልጠነከረም? እነዚህን መልሶ ሥዕሉ ላይ የሚጽፍ ሰው ከሌለ የቶርኖው ዘመናዊነት ስህተቱን በፍጥነት ከመድገም ሌላ አይረዳም። ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በኋላም በ2010 የሕዳሴው ግድብ ሥራ ሲወሰድበት፣ እኔ የሰማሁት ክርክር ሁሉ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ማሽንና ስለ ሰዎች ነበር። ስለ ሥዕል ክፍሉ ሲነሳ አልሰማሁም።

የሚገርመው ደግሞ ልደታ ሁለቱንም ጫፍ በእግር መንገድ ርቀት ላይ የያዘ ሰፈር መሆኑ ነው። በአንድ በኩል ተግባረ ዕድ አለ፤ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተከፍቶ ለትውልድ በያጅ፣ ቶርኖ ሠራተኛና መካኒክ ያወጣ፣ የባቡር ጣቢያ እስኪሰየምለት የታወቀ ትምህርት ቤት። በሌላ በኩል የሕንፃ ኮሌጅ አለ፤ በ1940ዎቹ ከስዊድን ጋር በመተባበር የተቋቋመው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸርና የሕንፃ ሥራ ኢንስቲትዩት የሆነው። አንዱ ብረት የሚነካ ያወጣል፣ ሌላው መስመር የሚስል። ከሁለቱም የወጡ ልጆች በብረት ቤቶቹ ውስጥ አግኝቼ አውርቻለሁ። የመጀመሪያው «ፋይሉ ተበላሽቶ ነው የመጣው» ይላል፤ ሁለተኛው «ማሽኑ ላይ አበላሹብኝ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያችው ስም ስለሌላት ሰዓት ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ አንድ ሳምንት ማጠፊያ ሥር ቢቆም፣ የተግባረ ዕድ ተማሪ አንድ ሳምንት ዝርግ ሲያወጣና ሲደረድር ቢውል፣ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች የሚያስወጣቸው ወጪ የታክሲ እንኳ አይደለም።

በሌላው ዓለም ነገሩ ገና ከጅምሩ ተለያይቶ ነው ያደገው። በቁጥር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ በአሜሪካ ኤምአይቲ በ1952 እንደ እነሱ አቆጣጠር ለሕዝብ ሲታይ፣ ማሽኑን ከመሥራት ያላነሰ ልፋት የጠየቀው ቁጥሮቹን በተበሳሳ ወረቀት ላይ ማዘጋጀቱ ነበር። ቆይቶም የፕሮግራም አዘጋጅነት የራሱ ወንበር ያለው ሙያ ሆነ። እኛ ጋ ማሽኑ የገባው ሶፍትዌሩ ርካሽ፣ አንዳንዴም የተሰበረ ኮፒ በሆነበት ዘመን ነው። ኦቶካድ ያለው ሁሉ አዘጋጅ መሰለን። ዲኤክስኤፍ ማለት ከ1982 ጀምሮ ከኦቶካድ ጋር የመጣ መስመር ማጓጓዣ ሣጥን ነው፤ ውስጡ የገባው መስመር ምን እንደሆነ፣ የሚቆረጥ ይሁን የሚታጠፍ፣ ላሜራው ስንት ሚሊ ይሁን፣ ሣጥኑ በራሱ አያውቅም። የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

እኔ ባየኋቸው ቤቶች ቆረጣ በሜትር ወይም በሰዓት ይታሰባል። ማጠፍ በእጥፋት ይታሰባል። ብየዳ ይታሰባል፣ ቀለም ይታሰባል፣ ለጫኝና አውራጅ እንኳ ይታሰባል። ፋይል ማዘጋጀት አይታሰብም፤ «እሱን እኛ እናደርገዋለን» ተብሎ እንደ ምርቃት ይሰጣል። በምርቃት የሚሰጥ ነገር ደግሞ በችኮላ ነው የሚሠራው፣ በማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ስልክ እየተመለሰ። ደንበኛውም በነፃ ላገኘው ነገር አይጠይቅም። ለዚህ ነው ዋጋው በግልጽ ፋቱራው ላይ ይውጣ የምለው። ጭማሪ ያበዛል የሚሉኝ ይኖራሉ። ወዳጄ የከፈለበትን ሦስተኛ ላሜራ ማን ነበር ያበዛው?

ሠላሳዎቹ ድጋፎች ቆሻሻ አልሆኑም፤ አዛውንቱ ከነሱ ውስጥ አንዳንዶቹን ለሌላ ሥራ አጠፏቸው። አዲሶቹን ለማውጣት ግን ልጁ በዚያ ቀን አንድ ነገር አደረገ። ከዚያው ላሜራ አንድ ቁራጭ ቆርጦ፣ ርዝመቱን መዝግቦ፣ ወደ ማጠፊያው ሄደና «ጋሼ፣ ይቺን 90 ያድርጉልኝ» አለ። ተመልሶ ለካ። ቁጥሩን ላፕቶፑ ውስጥ አስገባ፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፦ የላሜራው ውፍረት፣ የማጠፊያው ቅርጽ፣ የአንድ እጥፋት ተቀናሽ 3.54። ባለፈው ወር ስሄድ ወረቀቱ ላይ አራት መስመር ተጨምሯል፣ ሁለቱ በአዛውንቱ እጅ የተጻፉ።

ላሜራ ልታስቆርጡ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከማሽኑ በፊት ያቺን ወረቀት እዩ። ከሌለች አንድ ቁራጭ መጀመሪያ ይታጠፍልን፣ ይለካልን በሉ፤ የቁራጯንም ዋጋ ክፈሉ።